ውሃ የማይዘው ብረት

የጉማራን ወንዝ በበጋ ያየው ሰው አይፈራውም። ከብት እስከ ጉልበቱ ገብቶ ይጠጣበታል፤ ሴቶቹ ልብስ አጥበው ጠጠሩ ላይ ያሰጡበታል። እኔ ግን በበጋም ቢሆን እፈራዋለሁ። ይኸው ሸምግዬ፣ ምርኩዝ ይዤ፣ ልጆቼ ደግፈው ሲያሻግሩኝ ዓይኔን እከድናለሁ። በአንድ ቀን ምክንያት ነው። ማለዳ ተጀምሮ ከሰዓት በኋላ ያለቀ ነገር ነው፤ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፣ መቸኮል አልችልበትም።

ያን ጊዜ የጃንሆይ ዘመን ነበር። እኔ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ትምህርቴም ከቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ከአንድ ደብተራ እግር ሥር የለቀምኋት ፊደልና ቁጥር ብቻ ናት። መንግሥት የወንዙን ውሃ የሚለኩ ሰዎች ላከና ከአውራ መንገዱ ድልድይ በታች፣ ወደ ጣና በሚወርደው በኩል፣ ጉማራን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ወፍራም የሽቦ ገመድ ዘረጉ። ገመዱ ላይ በሁለት መዘውር የተንጠለጠለ የብረት ሳጥን አለ። ሰው ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጦ ወደ መሃል ይሄድና የውሃውን ጥልቀትና ፍጥነት ይለካል። የኔ ሥራ ያንን መጠበቅና ውሃው ዳር በተተከለው ቁጥር የተጻፈበት እንጨት ላይ የት እንደደረሰ ማየት ነበር።

የሳጥኑን ነገር ላስረዳችሁ፣ ያለዚያ ወጉ አይገባችሁም። ገመዱ መሃል ላይ ይረግባል። ስለዚህ ሳጥኑን ከዳር ሲለቁት በራሱ ተንከባልሎ እስከ መሃል ይወርዳል። ከመሃል ወዲያ ሽቅብ ነው፤ የተቀመጠው ሰው ገመዱን በእጁ እየሳበ መውጣት አለበት። እጁን ለማሳረፍ ሲፈልግ ሳጥኑ ወደ ኋላ እንዳይመለስ፣ ጥርስ ያለው፣ እጀታው ሲጫን ገመዱን የሚነክስ ብረት አለ። እኛ ነካሹ እንለዋለን። ይችን ነካሽ ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

ከኔ በፊት ዘበኛው ደሴ የሚባል ያገሬ ልጅ ነበር። በአንዱ ክረምት ለኪዎቹ ሳይኖሩ ራሱ ሊለካ ገብቶ መሃል ሲደርስ መዘውሩ አልዞር አለ። ደለል ያለበት ውሃ በዘንጉ ዙሪያ ገብቶ፣ ዝጎ፣ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ኖሯል። እኛ ከዳር ቆመን እናያለን። ደሴ ወደ እኛ እጁን አላነሳም፤ በቡጢው መዘውሩን ይመታ ነበር። ሲመታው፣ ሲመታው፣ የወንዙ ሙላት ያመጣው ግንድ መጥቶ ሳጥኑን አቀፈው። የደሴን ሬሳ ያገኘነው ጣና ዳር፣ ደንገሉ ውስጥ ነው። ሳጥኑን በበጋ አውጥተው አቃኑና መልሰው ሰቀሉት፤ እኔም ሥራውን ያዝሁ። ሰው አልፈልግ ስላለ ነው የተሰጠኝ። እኔም አልፈልግም ነበር፤ ግን ደብሬን አግብቼ መሬቴም ጠባብ ነበርና እምቢ የምልበት አልነበረኝም።

መሐንዲሱ ከአዲስ አበባ የመጣ ዝምተኛ ወጣት ነበር። የደሴ ነገር ከልቡ አልወጣም። ውሃ የማይጠጋው፣ ጭቃ የማይለጠፍበት መዘውር ካልሠራን ሰው ሁለተኛ አይገባም አለ። ቀለም ቀባው፤ ተላጠ። የመኪና ግራሶ ቀባው፤ ግማሹን ውሃ አጥቦ ወሰደው፣ ግማሹ ደለሉን ሰብስቦ እንደ ሊጥ ሆነ። እኔም ልርዳ ብዬ የበሬ ሞራ ባመጣ ውሻ መጥቶ ላሰው። መሐንዲሱ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ኋላ ወረታ ገበያ ዳር የሚቀጠቅጥ ጌታሁን የሚባል ብረት ሠሪ ተጠራ። ሽማግሌ ነው፤ ነገር አያበዛም። ላዩ ላይ መቀባት ትታችሁ ብረቱን ዘይት አብሉት አለን። ብረቱን ያግላል፤ የኑግ ዘይት በጨርቅ ስስ አድርገን እንቀባለን፤ እንዳልተቀባ እስኪመስል መልሰን እንወለውለዋለን፤ ጭሱ እስኪያቆም እንደገና ያግለዋል። እንዲህ እየደጋገምን። ልሙጥ ብረት ላይ ሲሆን ግን ልባሱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። መሐንዲሱ ሲያስብ ሰንብቶ፣ ዘይቱ የሚጨብጠው ነገር ይፈልጋል፣ መጀመሪያ በወንዝ አሸዋ እንፈግፍገው አለ። ፈገፈግነው፤ ሸካራ ሆነ፤ ዘይቱም ያዘ። በመጨረሻ ብረቱ ለብ እንዳለ ንጹሕ ሰም አሸንበት። የተለያየ ነገር የተቀባ ቁርጥራጭ ብረት በሽቦ አሥረን ወንዙ ውስጥ እንሰቅል ነበር፤ ሌላው ሁሉ ሲዝግ ይኼኛው ጥቁር እንዳለ ወጣ። ውሃ ስታፈስበት እየተድቦለቦለ ይወርዳል፣ የጣና ዳር ዳክዬ ጀርባ በለው። መሐንዲሱ ደጋግሞ እያፈሰሰ እንደ ልጅ ያየው ነበር። መዘውሮቹንና ዘንጎቹን እንዲያ አደረግናቸው።

ነካሹን ግን አልነካነውም። መሐንዲሱ ጣቱን ቀስሮ፣ «የዚህ ሥራው መያዝ ነው፤ ራቁቱን ይቅር» አለ።

ክረምት ሲገባ መሐንዲሱ ወደ ጎንደር ሄደ። ሚስቴ ደብሬ የበኩር ልጃችንን አርግዛ ነበር። በእኛ አገር የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነውና እናቷ እመት አለሚቱ መጥተው ወሰዷት። ቤታቸው ከጉማራ ማዶ ነው። ስትሄድ ወንዙ ገና ዝቅ ያለ ነበር፤ በታንኳ እየሳቀች ነው የተሻገረችው።

በነሐሴ አንድ ማለዳ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ፣ የእንጨቱን ቁጥር ለማየት ብሄድ ቁጥሩ የለም፤ ውሃው ውጦታል። ጌታሁን መዘውሮቹ ክረምቱን እንዴት እንደያዙት ሊያይ ከወረታ መጥቶ አብሮኝ ነበር። ከማዶ ሰው ሲጣራ ሰማን። የውሃው ድምፅ ቃሉን ይበላዋል። አተኩሬ ሳይ የደብሬ ወንድም ባየ ነው። ነጠላውን አውልቆ ያውለበልባል። ከዚያ ሁለት እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ፤ ቀጥሎ እጁን በደረቱ አግድም ዘረጋ። ምጥ ነው፤ ልጁም ተጋድሟል ማለቱ ነው።

ሐኪም ቤት ያለው በእኛ በኩል፣ ወረታ ነው፤ ያውም አንድ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት ብቻ። ወደ ድልድዩ የሚያወጣው ሜዳ ሁሉ ባሕር ሆኗል፤ ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ አይገባበትም። ታንኳ በዚያ ሙላት አይታሰብም። ያለው ሳጥኑ ነው። ከዳር ሆነው ሰዎች የሚጎትቱበት ሌላ ቀጭን ገመድ ነበረው፤ እሱን በዚያው ሰሞን ግንድ በጥሶት ሄዷል።

ጌታሁንን አየሁት። «ሂድ አልልህም፣ ቅርም አልልህም» አለኝ። ወደ መዘውሩ ቀና ብሎ፣ «መዘውሩን ግን አብልተነዋል» አለ።

እግሬን ሳጥኑ ላይ አነሣሁና መልሼ አወረድሁ። የደሴ ቡጢ ያረፈበት መዘውር ራሴ ላይ ነው። ማማተቤ ትዝ ይለኛል፤ መግባቴን ግን አላስታውስም። ሳጥኑ ሲንከባለል ነው የባነንሁ። ገመዱ በሚረግብበት ስደርስ አንድ ማዕበል ተነሥቶ ከነጭቃው ከራሴ በላይ ረጨኝ። ዓይኔን ጨፍኜ መዘውሩ እስኪቆም ጠበቅሁ። አልቆመም። ቀና ስል ደለሉ እየተንከባለለ ይወርዳል፤ ብረቱ ጥቁር እንዳለ ነው። ጮክ ብዬ ጌታሁንን መረቅሁት፤ ሊሰማኝ አይችልም እንጂ። ሽቅቡን እየሳብሁ፣ ነካሹን እየጫንሁ፣ እያረፍሁ ማዶ ደረስሁ። ነካሹ ያን ጊዜ ደህና ነበር፤ ይኼን ልብ በሉ።

ደብሬን በቃሬዛ አምጥተው ለዝናቡ ገሳ አልብሰዋት ዳር አስተኝተዋታል። ፊቷ አመድ መስሏል። ስታየኝ እጄን ያዘችና ጥፍሯን ቀበረችብኝ። እመት አለሚቱ አጠገቧ ተንበርክከዋል። እኛ ዘንድ አማች አማቱን ፊት ለፊት አያይም፤ እኔ መሬት መሬት እያየሁ ሳጥኑ ከሁለት ሰው በላይ እንደማይችል ነገርኋቸው።

«እኔስ?» አሉ።

«እርስዎ እዚህ ይጸልዩልን፣ እመት።»

«እንግዲያስ ልጄን ለብረት ሰጠኋት» አሉ።

እኔና ባየ ቃሬዛውን ፈትተን እሷን የምናነሣበትን ስንመካከር እመት ወደ ሳጥኑ ተጠግተው ብረቱን በእጃቸው ሲዳብሱ አየሁ። የሚመርቁት መሰለኝ። ደስም አለኝ፣ እውነቱን ለመናገር። ደብሬን አስገባናት፤ ጉልበቷን አጥፋ እግሬ ሥር ተቀመጠች። እናቷ ትኩስ አመድ በጨርቅ ቋጥረው ወገቧ ላይ አድርገውላት ነበር፤ ሕመሙን ያበርድላታል። ቋጠሮውን በአንድ እጇ ይዛ ገሳውን ከላይ ደረብሁላት። ባየ ለቀቀን።

ወረድን። የሁለታችን ክብደት ገመዱን ይበልጥ ስላረገበው መሃል ስንደርስ የሳጥኑ ሆድ አረፋውን ነካ። ደብሬ ጮኸች፤ በምጡ ይሁን በውሃው አላወቅሁም። ገመዱን ይዤ መሳብ ጀመርሁ። ሳብሁ፣ ሳብሁ፣ ክንዴ ሲዝል ነካሹን ተጫንሁና እጄን ለቀቅሁ።

ሳጥኑ ወደ ኋላ ሄደ።

እርጋታው ነው ያስፈራኝ። ምንም ሳይንገጫገጭ፣ ተለሳልሶ፣ ወደ መሃል መለሰን። በደንብ ሳልጫነው ቀርቼ ነው አልሁ። እንደገና ሳብሁ። ነካሹን በሁለት እጄ፣ የመዳፌ አጥንት እስኪያመኝ ተጫንሁ። ተንሸራተተ። ሦስተኛ ስሞክር የሽቅቡን ሩብ እንኳ ሳልወጣ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ተመልሰን ያው አረፋው ላይ። ሁለታችንን ይዤ ሳላርፍ ልወጣው አልችልም፤ ነካሹም አያሳርፈኝም።

ከወዲህኛው ዳር ጌታሁን ይወራጫል። እጁን ወደ ላይኛው ውሃ ይቀስራል። ዞር ብል አንድ ሾላ ከነሥሩ ተነቅሎ መጥቶ ከበላያችን ባለው የወንዙ መታጠፊያ ላይ ተይዟል። ውሃው ከኋላው እየተቆለለ ይገፋዋል፤ እሱም ቀስ እያለ ይዞራል። ሲለቅ የሚመጣው በእኛ ላይ ነው። የደሴን ቡጢ አየሁ። ለምን ይመታ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሰው መሄጃ ሲያጣ እጁ አጠገብ ያለውን ይመታል። እኔም ነካሹን መታሁት። ቡጢዬ ተንሸራቶ አለፈ።

ጣቴን አሸተትሁ። ቅቤ ነው።

«ደብሬ» አልሁ፣ «ይኼን ብረት ማን ነካው?»

ምጡ እስኪያልፍላት ጠበቅሁ። «እማዬ ናት» አለች፤ «መንገዱ እንዲለሰልስልኝ ብላ። ማታም የቤቱን በር ማጠፊያ ሁሉ ስትቀባ ነው ያደረች።»

እነሱ ቤት ወጉ እንዲያ ነው። ምጥ ሲጸና የታሰረ ይፈታል፣ የተዘጋ ይከፈታል፣ የሚላወስ ሁሉ ቅቤ ይነካል፤ ልጁም እንዲያው ተለሳልሶ ይመጣል ብለው ነው። እመት ሳጥኑ ላይ የሚላወሰውን ፈልገው ነካሹን አገኙት። በጥርሱ መሃል ሁሉ ጠቅጥቀውታል፤ እናት ናቸውና አልሰሰቱም።

በሸሚዜ ጠረግሁት፤ ስሱ ቀረ፣ ያው ያዳልጣል። ውሃ በእፍኜ እየጨለፍሁ አፈሰስሁበት። ውሃው ተድቦልቡሎ ወረደ። እንግዲህ አስቡት፤ ያን ሁሉ ጊዜ እሳት ዳር ተቀምጠን የደከምንበት፣ ውሃ የማይዘው ብረት፣ አሁን በማይሆን ቦታ ተገኘ። ልስቅ ነው ልጮህ ነው አላውቅም፤ ከጉሮሮዬ የወጣው ድምፅ የሰው አልመሰለኝም። አጠገቧ ቁጢጥ አልሁ። ለማለቅ ተዘጋጀሁ ብትሉ ይሻላል።

ደብሬ ሕመሙ ሲመጣባት ቋጠሮውን ጨመቀችው። ከጨርቁ ትንሽ አመድ ቡን አለች፤ እጇ ላይ አረፈች። ያን እጅ ስንት ጊዜ አይቸዋለሁ፣ ቅባት የያዘ ድስት በአመድ ሲፈትግ።

«አመዱን ስጭኝ።»

«ይችን አትውሰድብኝ» አለች። ዓይኗን አልገለጠችም። «ሌላ ምንም የሚያበርድልኝ የለም።»

«አውቃለሁ። ስጭኝ የኔ ዓለም።»

ዓይኗን ገለጠች። ወደ መታጠፊያው የማየውን አየች። እንዳታይ ልከልላት ነበር፤ አልደረስሁም። ቋጠሮውን አውጥታ ሰጠችኝና ባዶ እጇን አፏ ውስጥ አድርጋ ነከሰች።

ዝናቡ አመዱን እንዳያበላሽብኝ ገሳውን ራሴ ላይ ደፋሁ። ጨለማው ውስጥ በጣቴ ጥርሶቹን እየፈለግሁ አመዱን አሸሁባቸው። ግማሹ ፈሰሰ። ጠረግሁ፣ እንደገና አሸሁ። ከላይ የሾላው ቅርንጫፍ ሲሰበር ይሰማኛል፤ አንዱ ሲሰበር ቀጣዩ እስኪሰበር እጠብቃለሁ። በመጨረሻ ጣቴን ጥርሱ ላይ ሳሳልፍ ቧጨረኝ። ደማሁ። እንዲያ ደስ ያለኝ ቁስል የለም።

ተነሥቼ ሳብሁ። ነካሹን ተጫንሁና እጄን ለመልቀቅ ፈራሁ። አንድ ጣቴን ለቀቅሁ። ቀጥሎ ሌላውን። ሳጥኑ አልሄደም።

ከዚያ ወዲያ ሐሳብም የለኝ፣ ጸሎትም የለኝ፣ እጄ ብቻ ነበር። መሳብ፣ መጫን፣ መተንፈስ። መዘውሮቹ አንድም ጊዜ አላንገራገሩም። ከዳሩ ስንቃረብ ከኋላችን አንድ ትልቅ ነገር ሲያጓራ ተሰማኝ። ሾላው ለቀቀ። ዞሬ አላየሁም። ሥሩ ገመዱን መሃል ላይ ሲያክከው ሳጥኑ ዘለለ፤ ደብሬ እግሬን አቀፈች፤ ነካሹ ግን እንደነከሰ ቆየ። ጌታሁን ረጅም ጫፉ የተቆለመመ እንጨት ይዞ ደረቱ ድረስ ውሃው ውስጥ ገብቶ ነበር። ሳጥኑን ጠልፎ ሳበን። ሲያወጣን፣ «ምን ነበረ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጣቴን አፍንጫው ሥር አደረግሁለት። አሸተተና መሬት ላይ ተቀመጠ።

የቁሐር ሰዎች ደርሰው በቃሬዛ ወረታ አደረስናት። ጭቃው ጉልበት ይውጣል፤ እየተቀባበልን ነው የሄድነው። ድሬሰሩ ጠና ያለ ሰው ነበር፤ ሁላችንንም አስወጣን። ግድግዳው ሥር ቆሜ ውስጥ ዝም ሲል የፈራሁት ፍርሃት ከወንዙ ፍርሃት ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ኋላ የሕፃን ድምፅ መጣ። ሴት ልጅ ናት። ደብሬም ተረፈች።

እንግዲህ እናንተ ይኼን የምታነቡ ሰዎች፣ ከዚያ ወዲህ ጎበዝ የሆንሁ እንዳይመስላችሁ። ይበልጥ ፈሪ ሆንሁ። ግን አፈራሬ ተለወጠ። ድሮ የምፈራው ውሃውን፣ ግንዱን፣ የሚገፋኝን ነገር ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ፍቅር ያለው እጅ በየዋህነት የሚነካውን ነገርም ማየት ጀመርሁ። ልጆቼን ሳሳድግም፣ የሰው ክፉ ነገር እንዳይለጠፍባቸው አንድ ጎናቸውን እንደ መዘውሩ በእሳትና በዘይት አጠነከርሁ፤ የሚጨብጡበትን ጎን ግን ሻካራም ቢሆን፣ ቢዝግም፣ እንዳለ ተውሁላቸው። ልክ ይሁን አይሁን እነሱ ይንገሯችሁ። መሐንዲሱ ተመልሶ ነገሩን ስነግረው ነካሹ ላይ ክዳን አሠራበት፤ ሳጥኑ ውስጥም አንድ የአመድ ቅል እንዲቀመጥ አዘዘ። ሌሎች ለኪዎች ሲመጡ የቅሉን ነገር እየጠየቁ ይስቁ ነበር።

ለእመት አለሚቱ ግን የቅቤውን ነገር አልነገርናቸውም። ደብሬም አልነገረች፤ እኔም አልተናገርሁ።

መስቀል አልፎ ውሃው ሲጎድል የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ መጡ። በታንኳ መሻገር ይችሉ ነበር፤ ልጄን ባሻገራት ነው የምሻገር አሉ። ሄጄ አመጣኋቸው። በዳር የተሰበሰበውን ሰው ሁሉ፣ «ቅቤዬ ነው ያደረሳቸው፤ እሱ ባይኖር ያ ደረቅ ብረት የት ያደርሳቸው ነበር?» ይሉታል። ጌታሁን ጺሙን እያሻሸ ወንዙን ያያል። ደብሬ ልጅቱን ታቅፋ እኔን ታያለች።

እመት ከመቀነታቸው ትንሽ የቀንድ ዕቃ አወጡ። ከውስጡ በጣታቸው ጫፍ ጨለፉና ወደ ሳጥኑ ዞሩ። ክዳኑን ከፍተው ወደ ነካሹ ዘረጉት።

እጃቸውን ያዝሁ። አማች የአማቱን እጅ አይዝም። እሳቸውም ደንግጠው አዩኝ፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን አየሁት። የደብሬ ዓይን ነው ያላቸው።

«እመት» አልኋቸው፣ «ብረቱ ድርሻውን ወስዷል። ይኼ የልጅቱ ነው።»

ጣታቸውን ትንሽ አየት አደረጉት። ከዚያ ወደ ደብሬ ሄዱና ያችን ቅቤ በሕፃኗ ርግብግቢት ላይ አስቀመጧት። እዚያው ቀለጠች።